ዝማሬ የሌለበት ቅዳሜ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔም ከሥሩ ልጀምር። ሸጊቱ እባላለሁ፣ የሴና አክስት ነኝ። የአባቷ እህት ስለሆንኩ በእኛ ወግ "አዳዳ" ነው የምትለኝ። አዳላለሁ! ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ልናገረው። የማታዳላ አክስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ዝማሬ ግን ማንም እኔን አያስተምረኝም። መካኒሳ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ቀሚስ ለብሼ ነው ያረጀሁት። ከዛሬዎቹ ሽማግሌዎች ግማሾቹ ንፍጣቸውን ሳይጠርጉ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲሯሯጡ እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ "ሴና የዝማሬ ጠላት ናት" የሚል ካለ፣ መጀመሪያ እኔ ፊት ቆሞ ይናገር።

ሴና ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር የታክሲ ተራ አስከባሪ ናት። ሰደርያዋን ለብሳ፣ ሻርፗን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ፣ ከንጋት ጀምሮ ሰው ስታሰልፍ ትውላለች። ከወንዶቹ መሃል ሴት እሷ ብቻ ናት። መጀመሪያ ሰሞን "አንቺ ደግሞ ሂጂና ሻይ ሽጪ" ያሏት ጎረምሶች ዛሬ "ሴንዬ" እያሉ ነው የሚያልፉት። ክራቫት ያሰረም ይምጣ፣ ሽጉጥ የታጠቀም ይምጣ፣ በጎን መግባት ብሎ ነገር የለም። "ቸኩያለሁ" ሲላት "እነዚህ ታዲያ ለሽርሽር ነው የቆሙት? ሰልፉ ከወዲያ ነው የኔ ጌታ!" ትለዋለች። በጩኸት ብዛት ድምፅዋ ሻክሮ ቀርቷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኔ ዘር ሆና መዝሙር አትችልም። ስትዘምር ከፊቷ የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ ያያታል።

ሌንሳ ደግሞ ሌላ ናት። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት፤ የአባቷ እርሻ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሞበት ጥቂት የወተት ላሞች ቀርተዋቸዋል፣ እሷም ወተቱን በየቤቱ ታደርሳለች። ድምፅዋን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ የጋሽ እንግዳ ባለቤት ያረፉ ጊዜ መቃብሩ ላይ የዘመረችው እሷ ናት። ጋሽ እንግዳ፣ ያ ድርቅ ያሉት ሰውዬ፣ ያን ቀን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ከዚያ ወዲህ ሌንሳ ካልዘመረች እሁድ እሁድ አይመስላቸውም። ታዲያ ይህቺ ልጅ ስትናገር ምላሷ ይያዛል። ስትዘምር ምንም የለባትም፤ ልናገር ስትል ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቁጭ ብሎ አልወጣም ይላል።

እኛስ ምን አደረግንላት? አዘመርናት። ዘምራ ስትወርድ ደግሞ ጸለይንላት። ከየትም የተጋበዘ አገልጋይ እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጭኖ "ምላስሽ ይፈታ!" እያለ ይጮህባታል፣ ሕዝቡ "አሜን" ይላል፣ እሷም እንደ መጣች ትመለሳለች። ሰላም ስትለን እንኳ ቃሏን የምንጨርስላት እኛው ነበርን፤ ደግነት መስሎን።

ሴና ነገሩን ያወቀችው በታክሲ ነው። አንድ ወያላ መጥቶ "ያቺ ዘማሪያችሁ ነካ ያደርጋታል እንዴ? ሁሌ መካኒሳ ድረስ ትሄድና ወርዳ ወደ ላፍቶ በእግሯ ትመለሳለች" አላት። ሴና ሌንሳን ከሰልፉ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጠየቀቻት። ለካ ልጅቷ ሰፈሯ ስትደርስ "ወራጅ አለ" ማለት ያቅታታል! ቃሉ እስኪወጣ ታክሲው አልፏል። ሌላ ወራጅ ካለ አብራ ዱብ ትላለች፤ ከሌለ ዕድሏ ነው፣ እስከ መካኒሳ ተወስዳ በፀሐይ በእግሯ ትመለሳለች።

ያን ዕለት ሴና ቤቴ ስትገባ ዓይኗ ደም ለብሶ ነበር። "አዳዳ" አለችኝ፣ "እሁድ አስለቅሳን ስትወጣ እኛ 'ምን ዓይነት የመንፈስ ቅባት ነው!' እያልን ሻይ እንጠጣለን። ልጅቷ ከታክሲ መውረድ አቅቷታል! ሰው ሁሉ ድምፅዋን ነው የሚፈልገው፤ እሷን የሚፈልግ አንድ ሰው የለም።" እውነቷን ነው።

በዚያው ሰሞን የወጣቶች ቡድናችን መሪ አጣ። የእኛ ነገር መቼም ይታወቃል፤ ድምፅ ያለውን፣ ጣት ያለውን ልጅ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጠርቶ ይወስደዋል። መሪውም ኪቦርድ ተጫዋቹም ተያይዘው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ሴናን ጠርተው "ዝማሬ የሚመራ ሰው እስኪገኝ ድረስ ልጆቹን ሰብሰብ አድርጊያቸው" አሏት። አደራ ሰጡና ረሷት። እሷ ደግሞ አደራ ከተቀበለች የማትለቅ ሰው ናት።

ድሮ የቅዳሜው ፕሮግራም ምን ነበር? ከሰዓት በላይ ዝማሬ፣ ከዚያ ትንሽ ቃል፣ ከዚያ ሻይና ዳቦ፣ ከዚያ ቻው። ልጆቹ ተደዋውለው "መዝሙር ላይ እደርሳለሁ" ይባባላሉ፤ እያጨበጨቡ ይገባሉ፣ እያጨበጨቡ ይወጣሉ። ጎን ለጎን ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ሲያለቅሱ የነበሩ ሁለት ልጆች አንዱ ከሥራ መባረሩን ሌላው አያውቅም ነበር። አልቅሶ ዝም! እኔ ራሴ ዘማሪ ነኝ፣ ስለዚህ ልናገረው፦ መዝሙር ጥሩ መደበቂያ ነው።

ሴና በመጀመሪያው ቅዳሜ ማይኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ደረደረችና "ስሙ! በዚህ ቤት ሰልፍ አለ" አለች። ተራው የደረሰው ሰው ስለ ሳምንቱ ይናገራል፤ ያልጨረሰ ሰው አይቋረጥም፣ ቃሉም አይጨረስለትም። የሰው ቃል የጨረሰ ሰልፍ የጣሰ ነው፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። "እንዴት ሰነበትክ?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ማምለጥም የለም። "እሱ ይመስገን፤ እሱማ ይታወቃል። አንተስ?" ትለዋለች። መዝሙር አልከለከለችም፣ ልብ በሉ! ተራው ደርሶ በልቡ ያለው መዝሙር የሆነ ሰው ይዘምራል፣ ሌላው ያዳምጣል። አንዳንድ ቅዳሜ ሁለት ይዘመራል፣ አንዳንድ ወር ደግሞ አንድም የለ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ አንዱ ለአንዱ በስሙ ይጸልይለታል። በቃ፣ ይኸው ነው ወንጀሏ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን የአጥር ጎረቤት ከድጃ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሌሎች ሁለት ሴቶች አስከትላ አዳራሹ በር ላይ መጣች። ፊቷ በሐዘን ተጨማዷል። "ሸጊቱ፣ ማን ነው የሞተባችሁ? ምነው ሳትነግሩን?" አለችኝ። "ኧረ ማንም አልሞተም!" ብላት አላምን አለች። "ቅዳሜ ከሰዓት እናንተ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ እንዴ? አላህ ያጽናችሁ ልል ሥራዬን ጥዬ መጣሁ!" አለች። ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እኔን ባገኘች ቁጥር "ሟቹ እንዴት ነው?" ትለኛለች፣ አላጋጭ!

የሌንሳ ተራ የደረሰ ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ ላቧ እስኪንቆረቆር ታገለች። አንዱ ደግ ነኝ ባይ "ስለ ላሞቹ ልትናገር ነው" ከማለቱ ሴና "ሰልፍ!" ብላ አምባረቀችበት፤ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ጠበቅን። መጠበቅ እንደዚያ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሰው ምራቁን መዋጥ ይፈራል። መጨረሻ ላይ ሌንሳ ስለሚጸልዩላት አገልጋዮች ተናገረች። "እጅ… እጅ ሲ… ሲጫንብኝ ኖሮ፣ ጭ… ጭንቅላቴ ሊላጥ ነው!" አለች። እንዴት ያለ ሳቅ ነበር! ልጅቷ ለካ ተረበኛ ናት። ስንት ዓመት አብረናት ስንኖር ማናችንም አናውቅም።

ቡድኑ በረከተ፣ አዳራሹ ወንበር አጠረው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ መሪው ሄዶ ሰባት ሰው ብቻ ሲቀር ማንም አልጠየቀ፣ ሲሞላ ጊዜ ሁሉም ባለቤት ሆነ። በዚህ መሃል ኦሊያድ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ከሌላ ከተማ ወደ መካኒሳ ገብቶ ከእኛ ጋር ማምለክ ጀመረ። ትሑት ልጅ ነው፣ ጣቱም ይመሰከርለታል። ጋሽ እንግዳ ሲያዩት ዓይናቸው በራ። ወዲያው ዕቅድ ወጣ፦ ቅዳሜ እንደ ድሮው ዝማሬ ይኑር፣ ኦሊያድ ይጫወት፣ ሌንሳ ትምራ፣ ሴና ደግሞ ወንበር ታስተካክል። ወሬውም ቀድሞ ተሠራጭቶ ነበር። "ሴና እኮ ወጣቶቹን እግዚአብሔር ይመስገን እንዳይሉ ከልክላለች!" ተባለ። ካፍ የወጣ አፋፍ፤ ማን ይመልሰው?

ሴናን ለሽማግሌዎች ስብሰባ ጠሯት። እኔ በሴቶች ዘርፍ ተጠሪነቴ እቀመጣለሁ። ሴና ሌንሳን ይዛ ገባች፤ ኦሊያድም ተጠርቶ ጥግ ላይ ጉብ ብሏል። ጋሽ እንግዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እህት ሴና፣ ደክመሻል፣ ጌታ ዋጋሽን ይክፈልሽ። አሁን ዝማሬው ይመለስ። የአዳራሹን ቁልፍ ለወንድም ኦሊያድ አስረክቢ" አሉ።

"አላስረክብም" አለች ሴና።

"እንዴት?"

"አላስረክብማ! ልጆቹ መናገር የጀመሩት ገና አሁን ነው። ኪቦርዱ ሲመጣ ማን ይናገራል? ሁሉም ተመልሶ ይደበቃል።"

"ሴና፣ እዚህ የታክሲ ተራ አይደለም" አሉ ጋሽ እንግዳ። ነገሩ ከነከነኝ፤ ልጅቷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"እሱስ አይደለም ጋሼ። እዚያ ሰው ተራውን ያገኛል።"

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ እንግዳ ቀላ አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። "አንቺ አታውቂም ልጄ። እኔ በሐዘኔ ጊዜ የቆምኩት በዚህች ልጅ መዝሙር ነው። እግዚአብሔር መናገርን ቢነሳት ዝማሬን ሰጣት። እሱ የሰጣትን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፊበታለሽ?"

እውነት ለመናገር ይህን ሲሉ አንጀቴን በሉት። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ሴና ግን ተነስታ ቆማለች።

"ሙሴም አፉ ኮልታፋ ነበር! እግዚአብሔር 'እንግዲያው ዘምር' አለው? 'ሂድና ተናገር' ነው ያለው!"

"አሮንን ሰጠዋ! የሚናገርለት ሰው ሰጠው!"

"አሮን ደግሞ የሠራውን እናውቃለን! ጥጃ ነው የሠራው!"

እኔ አልቻልኩም፣ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ እንግዳ ጠረጴዛውን መቱ። ሴና አንዴ ከተነሳች ማን ያስቆማታል? "ሌንሳ ማይክ አትፈልግም! ሌንሳ መዝሙር ሰልችቷታል! ሌንሳን እንደ ቴፕ ከፍታችሁ የምትዘጉበት ጊዜ አልፏል! ሌንሳ…"

ሌንሳ እጇን አነሳች።

"እ… እ… እኔ…" አለች። አንገቷ ተወጣጠረ፣ ዓይኗ ተጨፈነ። ጋሽ እንግዳ በርኅራኄ ጎንበስ አሉና "ልዘምር ነው የምትይው፣ ገብቶናል የኔ ልጅ፣ ተባረኪ" አሉ። ሽማግሌዎቹ "አሜን!" ብለው ተቀበሉ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘውም እስክሪብቶውን አነሳ።

"ሰልፍ!" አለች ሴና። ግድግዳው የተሰነጠቀ መሰለኝ። "ተራው የሷ ነው! ማንም እንዳይጨርስላት!"

ጋሽ እንግዳ ከጎነበሱበት ቀና አሉ፤ ወደውም አይደል፣ ደንግጠው ነው። ሌንሳ ትንፋሿን ስባ እንደገና ጀመረች። ቃል በቃል እየታገለች የተናገረችውን እኔ እዚህ ላይ በአንድ ትንፋሽ ብጽፍላችሁ ውሸት ይሆንብኛል፤ ረጅም ጊዜ ፈጅቷል።

"መ… መዝሙር አልሰለቸኝም" አለች በመጀመሪያ። ሴና አፏን ከፍታ ቀረች። "እ… እወደዋለሁ። ጋሼም ሲ… ሲያዝኑ ዘምሬላቸዋለሁ፣ ነገም እዘምራለሁ። ግን…" ወደ ሴና ዞረች። "አንቺም ስለኔ ት… ትናገሪያለሽ። ሌንሳ እንዲህ፣ ሌንሳ እ… እንዲያ። እኔን ጠ… ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

የዚያን ጊዜ የሴናን ፊት ብታዩት! ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ያላስደነገጣት ልጅ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ልጅቷን ይዘን የገባነው ልንከራከርላት ነበር፤ ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ግን አልነበረም።

"ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉ ጋሽ እንግዳ። በዚያ ክፍል ይህን ጥያቄ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ የሳቸውን ለሳቸው እንስጥ።

"ቡድኑን እ… እኔ ልምራው" አለች ሌንሳ። "ወንበሩ እንደተከበበ። በ… በተራ። እ… እየተናገርኩ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ "ወይ ጉድ" ሲል ሰማሁት። ጋሽ እንግዳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ልጄ፣ እኔ ክፋት የለኝም። ግን መምራት እኮ መናገር ነው። ማስታወቂያ አለ፣ ትምህርት አለ፣ እንግዳ መቀበል አለ። አንቺ አንዱን ተናግረሽ እስክትጨርሺ ሰዓቱ ያልቃል!"

ሌንሳ አየቻቸው። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ ተያዘ። እንደዚያ ሲያዝባት አይቼ አላውቅም። ማንም አልጨረሰላትም።

"ይ… ይ… ይለቅ!" አለች።

እሰይ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሴና ከኪሷ የአዳራሹን ቁልፍ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ሌንሳ ፊት አስቀመጠችው። ኦሊያድም አይደለ፣ ጋሽ እንግዳም አይደሉ፣ ሌንሳ። "ቆይ፣ ገና አልወሰንንም እኮ!" አሉ ጋሽ እንግዳ። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ቆምኩ። "እንግዲያው እናንተ ቁጭ ብላችሁ ወስኑ። እኛ ቅዳሜ ፕሮግራም አለን" ብያቸው ወጣሁ። ምን ያደርጉኛል? ከመዘምራን ያባርሩኝ እንደሆን ጉልበቴም ደክሟል።

ኦሊያድ በር ላይ ደረሰብን። ፈራ ተባ እያለ "እህት ሌንሳ፣ ቅዳሜ ኪቦርዱን ላምጣው ወይስ ይቅር?" አላት። እኔም ሴናም መልሱ አፋችን ላይ ደርሶ ነበር፤ ተያይተን ዋጥነው። ሌንሳ አሰብ አድርጋ "ራ… ራስህን አምጣ" አለችው።

ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ይወስኑ አይወስኑ አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም። ቅዳሜ ግን ወንበሮቹ ክብ ሆነው ተደረደሩ፣ ልጆቹ ሞሉ፣ ኦሊያድም ባዶ እጁን መጥቶ እጁን የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ሲያሻሸው ነበር። ሌንሳ ተነስታ ቆመች። የመጀመሪያው ቃል ገና አልወጣ አለ። ሴና አጠገቤ ሆና ክንዴን በጥፍሯ ጨምድዳ ይዛለች፤ ያን ቃል ላለመጨረስ ያየችውን አበሳ እኔ ነኝ የማውቅላት። ጋሽ እንግዳ ለካ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሌንሳ አሁንም እየታገለች ነው። ጋሽ እንግዳ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ የኮታቸውን እጅጌ ሳብ አድርገው ሰዓቱን ሸፈኑትና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።